የእናት አልማዝ ወደ አዲስ ቀለበት፦ ከቤት ጠረጴዛ እስከ ወርቅ ቤት

ከእናት ወይም ከአያት የቀረ የአልማዝ ጌጥ በብዙ ቤት አለ። አንድ ጥንድ ጉትቻ፣ ጥፍሩ (ድንጋዩን የሚይዘው ቀጭን የወርቅ ጫፍ) የላላ ቀለበት፣ ለሠርግና ለጥምቀት ብቻ ይወጣ የነበረ ብሮሽ፣ ማለትም ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ። ማንም አያደርገውም። ፋሽኑ አልፏል፤ ወይም አንዱ ፈርጥ ወልቆ ጠፍቷል፤ ወይም ለሦስት እህትማማቾች የቀረው ጌጥ አንድ ብቻ ነው። እንዲሁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ዓመታት ይቀመጣል።

ድንጋዮቹን አውጥቶ አዲስ ቀለበት ማሠራት ይቻላል። ግን ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የሚመጣው ጥፋት አይመለስም። የተሰነጠቀ አልማዝ አይጠገንም። የተቀየረ ድንጋይም ማስረጃ ከሌላችሁ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ድንጋዩ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት እናንተ ራሳችሁ በደንብ እወቁት።

ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ የበለጠ ይሠራል። አያት፣ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ከገባን ወዲህ የቤተሰባችን ወርቅ ሠሪ ከነበረበት ፒያሳ ርቀናል። ፒያሳ ራሱም ተለውጧል። ብዙ ሱቅ ከቦታው ተነስቷል፤ እናቶቻችን በስም የሚያውቁትን ሰው ድሮ በነበረበት ላናገኘው እንችላለን። በየሰዉ ምክር አንዴ ወደ መርካቶ፣ አንዴ ወደ መገናኛ አልማዝ በቦርሳ ይዞ በታክሲ መመላለስ ጥሩ አይደለም። ደግነቱ ከሥራው ግማሽ የሚሆነው ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል።

መጀመሪያ ቤተሰቡ ይስማማ

አርባው ሳይወጣ ጌጡን አትነካኩት። ሕጉ አስገድዶ አይደለም፤ ያኔ የሚነገረው ነገር ሁሉ ስለሚያቆስል ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመለከታቸውን ሁሉ አንድ ላይ አስቀምጡ። ውጭ አገር ያለችውን እህትም በስልክ አስገቧት። ጌጡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ ማን ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ። «እማዬ በቃሏ ለእኔ ነው ያለችኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። አድምጡት። ግን የሁሉም ፈቃድ ሳይኖር ምንም ነገር እንዳይፈታ። አባት በሕይወት ካሉ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ጊዜ የተፈራን ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ጌጡ የእናት ነው ብሎ ልጆች ብቻቸውን መካፈል ላያዋጣ ይችላል። አለመግባባት ካለ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ክፍፍሉ ይለቅ፤ ቀለበቱ ይደርሳል።

ስምምነት ላይ ከደረሳችሁ ግማሽ ገጽ ጻፉበት። የትኛው ጌጥ፣ ስንት ድንጋይ፣ ለማን። ሁሉም ይፈርሙ። በወንድማማችና በእህትማማች መካከል ወረቀት የሚያሳፍራቸው አሉ። እኔ በተቃራኒው አየዋለሁ፤ ፍቅራቸውን የሚያተርፍላቸው ወረቀቱ ነው።

ይፍረስ ወይስ ይቆይ?

ሁሉም አሮጌ ጌጥ መፍረስ የለበትም። በእጅ የተሠራ፣ ቀጭን የወርቅ ሽቦ እየተጠማዘዘ የተጌጠ ሥራ ከሆነ ረጋ በሉ። ዛሬ እንዲህ የሚሠራ እጅ ማግኘት ቀላል አይደለም። ጀርባው ላይ የሠሪው ምልክት ወይም የተቀረጸ ስምና ዓመት ካለም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን አስጠግኖ ማቆየት ይሻላል።

የተሰበረ፣ የጎደለ፣ በፋብሪካ የተሠራ ተራ መያዣ ከሆነ ግን ያለ ጸጸት ይፍረስ። በመሀል ያለ መንገድም አለ። ከጥንድ ጉትቻ አንዱን ድንጋይ ለአንዷ፣ ሌላውን ለሌላዋ ሰጥቶ አሮጌውን መያዣ እንዳለ ማስቀመጥ ይቻላል።

ለመሸጥ ብላችሁ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ እወቁት፦ ትንንሽ አልማዞች እጅ ለእጅ ሲሸጡ ከሱቅ ዋጋቸው በጣም ባነሰ ነው የሚሄዱት። በላብራቶሪ የሚሠራው አልማዝ ገበያውን ካጥለቀለቀው ወዲህ ደግሞ ይባስ ወርዷል። ጌጡን ለብሶ መጠቀም ለብዙ ቤተሰብ ከሽያጩ የተሻለ ጥቅም አለው።

እጠቡት፣ ከዚያ እዩት

የዓመታት ቅባትና ሎሽን ከድንጋዩ ሥር ይጠራቀማል። አልማዝ ቅባት ይስባል፤ ስለዚህ የደበዘዘው ድንጋይ ሁሉ መጥፎ ድንጋይ አይደለም።

በሳህን ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፤ ጥቂት ላርጎ ጨምሩ። ጌጡን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉትና በለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ከጀርባው በኩል ቀስ ብላችሁ እሹት። ሲንክ ላይ በጭራሽ አይሁን። የላላ ድንጋይ ሊወልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ውሃውን የምትደፉት በነጭ ጨርቅ አጥልላችሁ ነው። በረኪና አትጠቀሙ፤ ክሎሪን ከወርቁ ጋር የተቀላቀሉትን ብረቶች ይበላል፣ ጥፍሮቹንም ያዳክማል። ሉል (ከባሕር የሚወጣው ዕንቁ)፣ ኦፓል ወይም ኤመራልድ አብሮ ካለበት አትዘፍዝፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። የድንጋዩ ጀርባ በወርቅ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ በጣም አሮጌ ጌጥም እንዲሁ። ከውስጥ የሚያብረቀርቅ ስስ የብረት ቅጠል ተነጥፎበት ሊሆን ስለሚችል ውሃ ከገባው ይጠቁራል።

አልማዝ መሆኑን ማጣራት

በሰፈር የሚነገሩትን ፈተናዎች ተዉአቸው። በመዶሻ መምታት እብደት ነው። አልማዝ በጥንካሬ መለኪያ ከ10 10 ያገኛል፤ ያ ግን ስለመቧጨር ነው። ሲመቱት በተወሰነ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። መስታወት መቧጨሩም ምንም አያረጋግጥም። ዚርኮን የምንለው ሰው ሠራሽ ድንጋይም፣ ሳፋየርም፣ ኳርትዝም መስታወት ይቧጭራሉ።

የሚረዳው የመጀመሪያው ነገር የጌጡ ዕድሜ ነው። ሰው ሠራሹ ዚርኮን በገፋ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 አካባቢ ነው። በንጉሡ ዘመን የተሠራና ከዚያ ወዲህ ድንጋዩ ያልተነካ ጌጥ ዚርኮን ሊሆን አይችልም። ግን ብርጭቆ፣ ነጭ ሳፋየር ወይም ነጭ ስፒኔል ሊሆን ይችላል። ሞይሳናይት የሚባለው ሌላው አልማዝ መሳይ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ደግሞ ወደ ጌጥ የገባው በእኛ 1990 ዓ.ም. ግድም ነው።

ሁለተኛው አሥር ጊዜ የሚያጎላ የወርቅ ሠሪ ማጉያ ነው። ሉፕ ይሉታል። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ አንዱን ግዙ፤ እስከ መጨረሻው ይጠቅማችኋል። የድንጋዩ ገጾች የሚገናኙበትን ጠርዝ ተመልከቱ። ሃምሳ ዓመት የተደረገ አልማዝ ጠርዙ አሁንም ስለት ነው። ብርጭቆና ዚርኮን ግን በዕድሜ ይዶለዱማሉ፤ ፊታቸው በጭረት ይሞላል። ሞይሳናይትን በትንሹ ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩት የጀርባው መስመሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። በአልማዝ ይህ የለም።

ሦስተኛው ወርቅ ቤት ያለው የዳይመንድ መፈተሻ ብዕር ነው። ሙቀት እንዴት እንደሚያልፍ የሚለካው ተራው ዓይነት ሞይሳናይትን «አልማዝ» ይላል። ስለዚህ ሁለቱን የሚለይ መሣሪያ እንዳላቸው ጠይቁ። በላብራቶሪ የተሠራ አልማዝ ደግሞ በዚህ ሁሉ አይለይም፤ እሱም አልማዝ ነውና። ግን የእናታችሁ ጌጥ የቆየ ከሆነ ስለዚህ ብዙም አትጨነቁ።

ሉፑን እንደያዛችሁ ድንጋዩን በቀጥታ ከላይ እዩት። መሀሉ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ከታያችሁ አትደንግጡ፤ ጉድለት አይደለም። የታችኛው ጫፉ ሹል ሳይሆን ጠፍጣፋ ተደርጎ የተቆረጠ የድሮ አቆራረጥ ነው። አልማዝ ዛሬ የሚቆረጥበት መጠን የተሰላው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፤ ከዚያ በፊትና ጥቂት ቆይቶም የነበረው አቆራረጥ ይለያል። ገጾቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ብልጭታው ረጋ ያለ ነው፤ በሻማ ብርሃን ያምራል። ሥሩ ጠፍጣፋ፣ አናቱ ጉልላት የሆነም አለ። «ይሄማ አሮጌ ስለሆነ ዋጋ የለውም፣ እንደገና ይቆረጥ» የሚል ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ። እንደገና ሲቆረጥ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ዛሬ ሰው ፈልጎ የሚያጣው መልኩም ይጠፋል።

ልኩት፣ መዝግቡት፣ ፎቶ አንሱት

ይህን ክፍል አትዝለሉ። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ካሊፐር (ስፋትና ጥልቀት በሚሊሜትር የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋችኋል፤ የፕላስቲኩም ይበቃል፣ ድንጋዩንም አይጎዳም። የእያንዳንዱን ድንጋይ ስፋት በሚሊሜትር ለኩ። ለዛሬው ክብ አቆራረጥ 6.5 ሚሊሜትር ወደ 1 ካራት ይጠጋል። 5.1 ሚሊሜትር ግማሽ ካራት ነው፤ 4.1 ሩብ ካራት፤ 3 ሚሊሜትር 0.10፤ 2 ሚሊሜትር 0.03 ያህል። የድሮ አቆራረጥ ጥልቀቱ ስለሚበልጥ በዚሁ ስፋት ትንሽ ይከብዳል። ጥልቀቱን መለካት ከቻላችሁ ደግሞ ስሌቱ ይህ ነው፦ ስፋት ሲባዛ በስፋት፣ ሲባዛ በጥልቀት፣ ሲባዛ በ0.0061። ስፋቱ 5፣ ጥልቀቱ 3.1 ሚሊሜትር የሆነ ድንጋይ ወደ 0.47 ካራት ይወጣዋል። ድንጋዩ ከመያዣው ሳይወጣ ግምቱ ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የድንጋይ ካራት ክብደት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው። የወርቅ ካራት ግን ንጥረነት ነው፤ ከ24 ስንቱ ወርቅ እንደሆነ ይናገራል። ደረሰኝ ላይ ሁለቱ ተለይተው መጻፋቸውን አረጋግጡ።

ቀጥሎ በወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ድንጋይ ትልቅ ክብ ሳሉ። በሉፕ ያያችሁትን ነጥብ፣ ስንጥቅ ወይም ደመና በቦታው ላይ ምልክት አድርጉ። ጥቁር ነጥብ በሦስት ሰዓት አቅጣጫ፣ ትንሽ ሽራፊ ወገቡ (ሰፊው ዙሪያው) ላይ፣ እንዲህ እያላችሁ። እንከኑ የድንጋዩ መታወቂያ ነው። የስልካችሁን ካሜራ በሉፑ መስታወት ላይ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከላይም ከጎንም። የሽራፊው ቀን ከሥራው በፊት መሆኑ በፎቶ መታወቁ ለእናንተም ለወርቅ ሠሪውም ይጠቅማል፤ ንጹሕ ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይጠረጠር።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ ልስጣችሁ። ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበት ሐምራዊ መብራት አለ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ድንጋዮቹን ከሥሩ አድርጓቸው። ከአልማዞች መካከል ከሦስት ወይም ከአራት አንዱ ያህል ያበራል፤ አብዛኛው ሰማያዊ ነው። ከአምስት ድንጋዮች ሁለተኛውና አራተኛው ካበሩ ይህን ጻፉ። ሥራው አልቆ ስትረከቡ በዚያው መብራት ታዩአቸዋላችሁ። ለውጥ ካለ ወዲያው ይታያል።

ስለ ወርቁ

እኛ 21 ካራት እንወዳለን። ደማቅ ነው፤ ለማስያዝም ለመሸጥም ይመቻል። ለድንጋይ መያዣ ጥፍር ግን ለስላሳ ነው። ልብስ ሲይዘው ይጎብጣል፤ ጥፍሩ ሲጎብጥ ድንጋዩ ይወድቃል። በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት 18 ካራት ይሁን። 21 ካራት ካልሆነ የምትሉ ከሆነ ደግሞ በጥፍር አይያዝ፤ ዙሪያውን በወርቅ ታቅፎ ይሠራ።

የድሮው ጌጥ ላይ 750 ከተጻፈ 18 ካራት ነው። 875 ማለት 21፣ 916 ማለት 22፣ 585 ማለት 14 ካራት ነው። እዚሁ አገር በእጅ የተሠራ ጌጥ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ አይኖረውም፤ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ይለካል።

«የእናቴ ወርቅ ራሱ ይቅለጥና ቀለበቴ ይሁን» የሚለውን ስሜት በደንብ እረዳለሁ። ይቻላልም። ግን አሮጌ ጌጥ ብየዳ አለበት፤ የተለያየ ካራትም ሊቀላቀልበት ይችላል። ሳይጣራ ከቀለጠ አዲሱ ወርቅ አየር ቋጥሮ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ወይ ይጣራ፣ ወይ በግራም ተመዝኖ በንጹሕ ወርቅ ይለወጥ። መጣራቱን ከመረጣችሁ የእናንተው ብቻውን እንዲቀልጥ ጠይቁ፤ ቢቻል ቆማችሁ እዩ።

ስሌቱንም እወቁ። 5 ግራም 21 ካራት ውስጥ 4.375 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ። ይህ ወደ 18 ካራት ሲወርድ ብርና መዳብ ስለሚጨመርበት ክብደቱ ወደ 5.83 ግራም ያድጋል። ለማቅለጫ የሚጠፋ ጥቂት አለ። ግን «አምስት ግራም ሰጣችሁኝ፣ አምስት ግራም ይኸው» ከተባላችሁና የተሰጣችሁ 18 ካራት ከሆነ ከግማሽ ግራም በላይ ንጹሕ ወርቅ እዚያው ቀርቷል።

ቀለም ደግሞ እንዲህ ነው። የድሮ አልማዞች ብዙ ጊዜ ትንሽ ቢጫነት አላቸው። ነጭ ወርቅ ላይ ቢጫነቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ቢጫ ወርቅ ላይ ይጠፋል። ነጭ ወርቅ በየጊዜው ሮዲየም የሚባል ነጭ ብረት መቀባት ይፈልጋል፤ ኒኬል ካለበትም አንዳንዱን ሰው ያሳክካል። የእናት አልማዝ ከሆነ እኔ ቢጫ ወርቅ እመርጣለሁ።

ዲዛይኑ ድንጋዩን ይከተል

ብዙ ሰው ከቲክቶክ ወይም ከቴሌግራም ፎቶ ይዞ ወርቅ ቤት ይሄዳል። ፎቶው ላይ ያለው ቀለበት ለሌላ ድንጋይ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ያላችሁን ድንጋይ ነጭ ወረቀት ላይ በልኩ ሳሉ፤ ቆርጣችሁ ጣታችሁ ላይ አድርጉት። የሚሆነውን ነገር ያኔ ታዩታላችሁ።

አንድ ደህና መጠን ያለው ድንጋይ ካለ ብቻውን ይቁም። ሦስት ተቀራራቢ ካሉ ጎን ለጎን ያምራሉ፤ ትልቁ መሀል። ብዙ ጥቃቅን ድንጋይ ያለበትን ብሮሽ ለሦስት እህትማማቾች መክፈል ከሆነ ሐሳቡ፣ ለእያንዳንዷ አምስት ወይም ሰባት ድንጋይ በአንድ መስመር የተደረደረበት ቀጭን ቀለበት ይወጣል። ድንጋዮቹን ስትካፈሉ በመጠን ብቻ አትደርድሩ፤ በቀለምም በአቆራረጥም ተቀራራቢዎቹ አንድ ቀለበት ላይ ይሁኑ። የድሮና የዛሬ አቆራረጥ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንደኛው የደበዘዘ ይመስላል።

ወገቡ ላይ ሽራፊ ያለበት ድንጋይ ዙሪያውን ታቅፎ ይሠራ። ሽራፊውን ይሸፍነዋል፤ ይጠብቀዋልም። ሹል ጫፍ ያለው፣ እንደ እንባ ወይም እንደ ጀልባ የተቆረጠ ድንጋይ ጫፉ ላይ የግድ መከለያ ይኑረው። ቀለበቱ ራሱ በጣም አይሳሳ፤ ከመዳፍ በኩል 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ከሌለው በጥቂት ዓመት ይጎብጣል።

አንድ ፈርጥ ከጎደለ የግድ አልማዝ አትፈልጉ። የራሳችን ድንጋዮች አሉ። ከወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል ውብ ነው፤ ግን ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይመጥጣል፤ ስለዚህ ለአንገት ጌጥ ይሁን እንጂ ለዕለት ቀለበት አይሆንም። የሻኪሶ ኤመራልድ ይሻላል፤ እሱም ግን ሲመታ ይሰበራል። ከትግራይ የሚወጣው ሳፋየር በጥንካሬ 9 ነው። ከአልማዝ ጎን በየቀኑ የሚቆም እሱ ነው።

ባለሙያው፣ ውሉና መንገዱ

በየሰፈራችን ጥሩ ወርቅ ሠሪ አለ። ሐብል ይበይዳል፤ ቀለበት ያጠባል፤ ያሰፋል። አልማዝ ማስገባት ግን የተለየ ሙያ ነው። ስለዚህ «እዚህ ማን ነው ድንጋይ የሚያስገባው?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሱቁ ሥራውን ወደ ሌላ ወርክሾፕ ነው የሚልከው። ይህ ነውር አይደለም። ግን ድንጋያችሁ በማን እጅ እንደሚሆን ማወቅ አለባችሁ። ቀደም ሲል ያስገባውን ሥራ አሳዩኝ በሉ፤ ሉፓችሁን አውጥታችሁ ጥፍሮቹን እዩ። እኩል የተቆረጡ፣ ድንጋዩ ላይ በደንብ የተኙ መሆን አለባቸው። «የኔ እህት፣ እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ምን ያጠራጥርሻል?» የሚል ይኖራል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ሉፕ ስታወጡ አይከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

በመጀመሪያው ቀን ጌጡን አትውሰዱ። ፎቶውንና ልኩን ብቻ ይዛችሁ ሁለት ሦስት ቤት አነጋግሩ። ዋጋውን ለያይተው ይንገሯችሁ፦ የወርቁ በግራም፣ የእጅ፣ ድንጋይ የማውጫ፣ ድንጋይ የማስገቢያ በአንድ ፍሬ። በጅምላ «ይህን ያህል ስጡኝ» የሚል ዋጋ በኋላ ለክርክር ይዳርጋል።

የምትሰጡበት ቀን ጠዋት ይሁን። ከአያት ሰፈር በባቡር ወይም በታክሲ ከመምጣት ይልቅ የዚያን ቀን በራይድ መኪና ኑ። ከዘመድ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ። ጌጡ ከቦርሳ ይልቅ ከውስጥ ልብስ ጋር በተሰፋች ኪስ ውስጥ ይሁን። ለማንም አታውሩ።

ደረሰኙ ላይ ይህ ይጻፍ፦ የድንጋዮቹ ብዛትና ልክ፣ የድሮው ወርቅ ክብደትና ካራት፣ የአዲሱ ወርቅ ካራት፣ የተከፈለው ቀብድ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ ድንጋይ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ማን ምን እንደሚያደርግ። የሣላችሁትን የድንጋዮቹን ካርታ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አያይዙት፤ ሱቁ ይፈርምበት። በትሕትና ነው የሚጠየቀው። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ ውጡ።

ድንጋዩ ሲወጣ

ከተቻለ በቦታው ሁኑ። ጥፍር የሚከፈተው በቀጭን መጋዝ ተቆርጦ ወይም በጥንቃቄ ወደ ውጭ ተገፍቶ ነው። ከሥር ጎርጉሮ መንቀል ወገቡን ይሸርፈዋል። ድንጋዩ ሲወጣ በወረንጦ ተይዞ በካራት ሚዛን ይመዘን፤ ክብደቱ ካርታችሁ ላይ ይጻፍ። አሁን ግምት የነበረው ቁጥር እርግጠኛ ይሆናል። ከጀርባው ተደብቆ የነበረ ስንጥቅም ካለ አሁን ነው የሚታየው። ዲዛይኑን ለመለወጥ ጥሩው ጊዜ ይህ ስለሆነ ለመናገር አትፈሩ።

እሳትን በተመለከተ አንድ ነገር ያዙ። አልማዝ ካርቦን ነው። አየር ባለበት ከ700 ዲግሪ በላይ ሲግል ፊቱ ይቃጠላል፤ ነጭ ደመና ይለብሳል። ያን ማስለቀቅ የሚቻለው እንደገና በመሞረድ ነው። ስለዚህ ብየዳው ሁሉ ድንጋዩ ከመግባቱ በፊት ይለቅ። ድንጋዩ ሳይወጣ መበየድ ግድ ከሆነ በቦሪክ አሲድ ይሸፈን፤ ትኩሱ ወርቅም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይነከር።

ልክና ናሙና

ጣት ጠዋት ይቀጥናል፤ ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ወደ ማታ፣ እጃችሁ ሲሞቅ ለኩ። በቀጭን ወረቀት ጣቱን ጠቅልላችሁ ዙሪያውን በሚሊሜትር አንብቡና ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 54 ከሆነ የውስጥ ስፋቱ 17.2 ሚሊሜትር ነው። አንጓችሁ ወፍራም ከሆነ እሱንም ለኩና በመካከል ያለውን ያዙ። ሰፊ ቀለበት ጠባብ መስሎ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ትንሽ ላላ ተደርጎ ይሠራ።

ወርቁ ከመፍሰሱ በፊት የሰም ወይም የብር ናሙና ጠይቁ። ብር ርካሽ ነው። አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ሥሩበት። ሊጥ ስታቦኩ ያስቸግራል? ሹራብ ይይዛል? ከፍ ብሎ ይነሳል? ማስተካከያው አሁን በጥቂት ብር ነው፤ በኋላ በወርቅ ነው።

ስትረከቡ

ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ተቀመጡ። ሉፑን አውጡ፣ ካርታውን ዘርጉ። ነጥቡ በቦታው አለ? የወገቡ ሽራፊ ያው ነው? ስፋቱ ያው ነው? ሐምራዊውን መብራት አብሩ። ቀጥሎ ቀለበቱን ጆሮ አጠገብ ይዛችሁ በጣት መታ መታ አድርጉት፤ ትንሽ እንኳ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ድንጋዩ ልል ነው። ጥጥ ወይም የነጠላ ጫፍ በጥፍሮቹ ላይ አሻሹ፤ ክር ከያዘ ይሞረድ። ቀለበቱ ይመዘን፤ 750 መመታቱን እዩ። የድሮው ወርቅ ትራፊና የተረፉ ድንጋዮችም ተቆጥረው ይመለሱ። በዚህ ሰዓት መቸኮል አያስፈልግም። ሰልፍ አለ ካሏችሁም ጠብቁ።

ከዚያ በኋላ

በረኪና ስትነኩ፣ ሊጥ ስታቦኩ፣ ሲሚንቶ ያለበት ሥራ ስትሠሩ አውልቁት፤ ከከተማ ዳር ለሚገነባ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ቅቤና ሎሽን ስለሚያደበዝዘው በየሁለት ሳምንቱ በለብታ ውሃና በላርጎ እጠቡት። ከሌላ ጌጥ ጋር አታስቀምጡት፤ አልማዝ አልማዝንም ወርቅንም ይቧጭራል። ጥፍሮቹን በዓመት አንዴ በሉፕ እዩ፤ የሳሳ ካለ ድንጋዩ ሳይወድቅ አስሞሉት።

የተረፉትን ጥቃቅን ድንጋዮች አትሽጡ። በታጠፈ ወረቀት ውስጥ አድርጋችሁ ልካቸውንና ከየትኛው ጌጥ እንደወጡ ጻፉበት። ከእህቶች ቀለበት አንዱ ፈርጥ ቢጥል፣ ተመሳሳይ የድሮ አቆራረጥ ከገበያ ማግኘት ያስቸግራል። ምትኩ ከዚያች ወረቀት ውስጥ ይወጣል።